«መቼ ነው የምትጨርሰው?»

በልደታ ማርያም አካባቢ ለወላጆችና ለውጭ ትምህርት ለሚዘጋጁ ወጣቶች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማነሳው የአንድ ልጅ ነገር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ ኖሯል። የማትሪክ ውጤቱ የሰፈር ወሬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ «ውጤትህ ጥሩ ነው፣ እዚሁ ቅር» ተብሎ ረዳት መምህር ሆነ። ከዚያም በፊዚክስ ወይም በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ ዶክትሬቱን ሊሠራ ባሕር ተሻገረ። ሴትም ልትሆን ትችላለች። ሴት ስትሆን እንዲያውም የምናገረው ሁሉ በእጥፍ ይሆንባታል፤ «ዕድሜሽ እየሄደ ነው» የሚሏት አክስቶች አሏትና። ስለዚህ ልጅ የምንሰማው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው፤ የሽኝቱን ድግስና የምርቃቱን ጋውን። በመሀል ያሉት አምስት ስድስት ዓመታት ፎቶ የላቸውም። እኔ የመጣሁት ስለ መሀሉ ለማውራት ነው።

ቦታውም ለነገሩ ይስማማል። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከዚያ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 መብረር የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይነሳ የነበረው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለትምህርት በአየር የሄደ ወጣት፣ እናቱ አንገቱን አቅፋ ያለቀሰችበት ሜዳ ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሄዱ ያሰናብቷቸዋል፣ ሲመለሱም ይቀበሏቸዋል፤ ሲመለሱ የሚቀመጡበት ወንበር ይጠብቃቸዋል። አብዛኞቹም ተመልሰዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም አብዮቱ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ ውጭ የነበረው ብዙው እዚያው ቀረ፣ እዚህ የነበረውም መውጫ ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ስንልክ «ይመለሳል ወይስ ይቀራል» የሚለውን ጥያቄም አብረን እንልከዋለን።

የምለው ነገር አንድ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረው። ሳይንስ የሚሠራው በመሳት፣ በመጠበቅና «አላውቅም» በማለት ነው። እኛ ደግሞ ልጁን የላክነው እንዳይስት፣ እንዳይዘገይ፣ «አላውቅም» እንዳይል አድርገን አሳድገን ነው። ልጁን የሚያስጨንቀው የእነዚህ የሁለቱ መጋጨት ነው። የትምህርቱ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር፤ ክብደትስ ለምዷል።

እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገጥመው የአንደኞች ክፍል ነው። ከቤጂንግ የመጣው በሀገሩ ፈተና ከሺዎች የተለየ ነው። ከቴህራን የመጣችው የኦሎምፒያድ ሜዳሊያ አላት። ከቡዳፔስት የመጣው አባቱም አያቱም ፕሮፌሰሮች ናቸው። የእኛ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካከለኛ ይሆናል። ይህ ያማል፤ ግን ይለመዳል። ፈተና የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ ኮርሶቹን ይወጣቸዋል፣ «ኳሊፋይንግ» የሚባለውንም ፈተና ይሻገራል። ጣጣው የሚጀምረው ፈተና ሲያልቅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያሠለጠንነው መልስ ላለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው። አሁን የሚሰጡትን ጥያቄ ግን መልሱን ፕሮፌሰሩም አያውቀውም። ስምንት ወር አንድ ፕሮቲን ሲያጣራ ከርሞ ያጣራው ሌላ መሆኑን በዘጠነኛው ወር የሚደርስበት ተማሪ አለ። ቴሌስኮፕ ላይ ሦስት ሌሊት ተመድቦለት ሦስቱንም ሌሊት ሰማዩ በደመና የተዘጋበት አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህ የሥራው ጠባይ መሆኑን ያውቃሉ። ቤት የቀረነው አናውቅም፤ የነገረን የለማ!

«ጎበዝ ከሆነ ለምን ይዘገያል?» የሚል ካለ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ያስብ። አሜሪካ ተምረው፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964፣ ዕድሜያቸው ገና 30 ሳይሞላ፣ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። እንዶድን ስንት ዘመን አጥበንበታል፤ ያየው ግን አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚመች ነው። ቀጣዩ ክፍል ግን አይመችም። የግኝቱ ዋጋ ውጭ ባሉ ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ የመርዛማነት ምርመራው እነሱ በሚያምኑት ላቦራቶሪ እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ለዚያ ገንዘብ፣ ለገንዘቡ ደግሞ የሚያምን ሰው ያስፈልግ ነበር። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ይህ እንግዲህ የተሳካለት ሰው ታሪክ ነው።

አሁን ከቤት ለልጁ ወደሚደወለው ስልክ እንምጣ። እሑድ ነው፤ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ይደወላል። «በላህ? ብርዱስ እንዴት ነው? መቼ ነው የምትጨርሰው?» ትላለች እናት። ልጁ «ተቃርቧል እማዬ» ይላል። ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ «ሥራው እንዴት ነው?» ሲለው «ጥሩ ነው» ይላል። ሁለቱም ጋ ዋሽቷል። ለእናቱ የዋሸው እንዳትጨነቅ ነው። ለፕሮፌሰሩ የዋሸው በትልቅ ሰው ፊት «አቃተኝ» ማለት ስለሚያሳፍረው ነው። ከእሑድ እስከ ሰኞ የሚመላለስበት ይህ መንገድ ዓመታት ሲቆይ ምን እንደሚያደርገው አስቡት። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ደህና መሆኑን ያውቃል፤ ደህና አለመሆኑን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

እናቶችን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የፍቅር ጥያቄ ነው፤ «መቼ ነው የማይህ?» ማለት ነው። የልጁ ጆሮ የሚደርሰው ግን እንደ ዕዳ ጥያቄ ነው። ሌላ ጥያቄ ሞክሩ። «ሰሞኑን ምን አስቸገረህ?» በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ምናልባት ስለ አንድ እምቢ ስላለ ማሽን ሩብ ሰዓት ያወራችኋል። የሚለው አይገባችሁም። አይግባችሁ፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብቻ በሉ።

ሴሚናር የሚባል ነገር አለ። በሳምንት አንድ ቀን ቡድኑ ተሰብስቦ አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይነቅፋል። ፕሮፌሰሩን በስሙ ይጠሩታል። የ23 ዓመት ልጅ ለ60 ዓመት ሰው «ይሄ ግራፍህ አላሳመነኝም» ይለዋል፤ ሰውዬው ደስ ይለዋል። የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር አቀርቅሮ እንዲሰማ ነው ያሳደግነው፤ ጨዋ ነው። ጨዋነቱን ግን እዚያ ማንም አያነብለትም፤ ዝምታውን ሐሳብ እንደሌለው ይቆጥሩበታል። ብዙ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፍ እኔ ዘንድ መጥቷል፣ ውጭ ሄደው ከቆዩትም ሰምቻለሁ፤ ስለ ቋንቋ ሲያማርር ከሰማሁት ይልቅ «መቼ ጣልቃ እንደሚገባ አላውቅም» ሲል የሰማሁት ይበዛል። እንግሊዝኛው አለ። የቸገረው ፈቃዱ ነው።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ከባድ የሚሆነው አማካሪ የሚባለው ፕሮፌሰር በዚያ ሥርዓት ውስጥ ባለው ሥልጣን ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ይከፈለዋል። የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ካመጣው የምርምር ገንዘብ ነው። የተማሪው ሕጋዊ ቆይታ ደግሞ በትምህርት ላይ በመቆየቱ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ክሩን ተከተሉት፤ ፕሮፌሰሩ «አንፈላለግም» ካለ ደሞዙ ይቆማል፣ ደሞዙ ከቆመ ምዝገባው ያጠራጥራል፣ ምዝገባው ከቀረ ሀገሩ ውስጥ መቆየት አይቻልም። ነዳጅ ማደያ ልሥራና ልከራከር አይባልም፤ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በትምህርት ወቅት ከግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ደግ ፕሮፌሰር ብዙ ነው፤ እንዲያውም የበዛው ደግ ነው። ሆኖም የአንድ ሰው ዕጣ በሌላው ደግነት ላይ እንዲህ ሲንጠለጠል፣ ደጉም ሰውዬ ቢሆን ያስፈራል።

በዚህ ነገር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከዚህ ስትወጡ ልደታ ጣቢያ ላይ ለሁለት የሚለያየውን የባቡር መስመር ታያላችሁ። በቻይና ባንክ ብድር የቻይና ድርጅት የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ነው። ያንን ባቡር ስናይ ቻይና መሐንዲሶቿን ያገኘችበትን መንገድ አናስብም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቻይና ተማሪዎቿን በብዛት ወደ ውጭ ለመላክ ወሰነች። በ1957 ኖቤል የተሸለመው ቲ. ዲ. ሊ የተባለው ፊዚሲስት ባቋቋመው መርሐ ግብር ብቻ በአሥር ዓመት ውስጥ 900 ያህል የቻይና የፊዚክስ ተማሪዎች አሜሪካ ገብተዋል። ከባህል አብዮቱ ፍርስራሽ የወጡ፣ ከስንት ሺህ ተወዳዳሪ የተመረጡ ልጆች ነበሩ። በአንድ ልጅ ላይ የቤተሰብና የመንደር ተስፋ ሲጫን ምን እንደሚመስል እነሱ ከእኛ ቀድመው አይተውታል።

ከዚያ ትውልድ የወጣ አንድ መጥፎ ታሪክ አለ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ግን መዝለል አይገባም። ኖቬምበር 1 ቀን 1991 አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጋንግ ሉ የሚባል ቻይናዊ የፊዚክስ ዶክትሬት ተመራቂ አማካሪውን ጨምሮ አምስት ሰዎችን በጥይት ገደለ፤ አንዲትም ሠራተኛ ሽባ ሆና ቀረች። ራሱንም አጠፋ። በታሪኩ መነሻነት «ዳርክ ማተር» የተባለ ፊልም በ2007 ተሠርቷል። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የሟቾቹን ደም «ጫና ነበረበት» በሚል ቃል ማቅለል ነውር ነው። እኔን የማይለቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው አልወደቀም። ዶክትሬቱን ጨርሷል! ያጣው ለምርጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጥ አንድ ሽልማት ነበር፤ ሽልማቱን ያገኘው ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠው የሀገሩ ልጅ ነበር፤ እሱም ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። በብዙ ሺህ ማይል ርቀት፣ በባዕድ ሀገር፣ በዓይኑ የሚለካው የጎረቤቱን ልጅ ነበር።

እንዲህ ያለ እብደት የእኛ አይደለም እንላለን፤ እውነት ነው፣ የብዙ ሺህ ቻይናውያንም አይደለም። መለኪያው ግን የእኛም ነው። «የእነ እገሌ ልጅ በአራት ዓመት ጨረሰ አሉ።» ዕድር ላይ ይባላል፣ ማኅበር ላይ ይባላል፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶው ይለቀቃል። የእነ እገሌ ልጅ የተማረው ምን እንደሆነ፣ ማስተርስ ይሁን ዶክትሬት፣ ማን ይጠይቃል? ዛሬ ቻይና ራሷ ሄደው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉን። እዚያ ደግሞ ዶክትሬት ለመስጠት ጽሑፍህ በታወቀ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ እንዲወጣ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ መጽሔቱ ሲዘገይ ምርቃቱም ይዘገያል። ጨርሶ፣ ጽፎ፣ ልኮ የሚጠብቅ ልጅ «ሰነፈ» ይባላል።

በገንዘቡ ነገር ላይ ብዙም አልቆይም፤ ግን የማናወራው ስለሆነ ጥቂት ልበል። ዕዳው የሚጀምረው ከመሄዱ በፊት ነው። የማመልከቻና የፈተና ክፍያው በዶላር ነው፤ ስለዚህ አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ ካርድ ይለመናል። ከሄደ በኋላ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ያገኛል እንበል። አንዱን ዶላር በ130 ብር እንኳ መንዝሩት፤ 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር! ይህን ቁጥር የሰማ ዘመድ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ልጁ ግን የሚኖረው በዶላር ነው፤ ብዙውን የቤት ኪራይ ይወስደዋል፤ ከቀረው የታናሽ እኅቱን የኮሌጅ ክፍያ፣ የአባቱን መድኃኒት፣ የአጎቱን «ለጊዜው» ይልካል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ የሄደ ከሆነ ደግሞ ውል ፈርሟል፣ ዋስ ጠርቷል። ዋሱ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ልጆች ያሉት፣ ደሞዙ የታወቀ ሰው ነው። ጥናቱ ሦስት ዓመት ተብሎ በውሉ የተጻፈ ከሆነና ሙከራው አምስት ዓመት ከፈለገ ተፈጥሮ ውሉን አላነበበችም ማለት ነው፤ ዋሱ ግን ደብዳቤ ይደርሰዋል። ዋስ የሆነውን ሰው እያሰቡ ማይክሮስኮፕ ማየት ከባድ ነው።

አሁን የምናገረው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው።

በሀገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ደጅ ይንኳኳል። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ልጁ ውጭ ሲሆን ምን እናደርጋለን? እንደብቃለን። «ፈተና ላይ ነው፣ አትንገሩት።» «የመመረቂያ ጽሑፉን ዲፌንድ እስኪያደርግ ይቆይ።» አባቱ ከተቀበሩ አርባቸው ወጥቷል፤ እሑድ ሲደውል «አባትህ ተኝተዋል» ይባላል፤ በሚቀጥለው እሑድ «ገጠር ወርደዋል» ይባላል። በመጨረሻ በዚያ ከተማ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተፈልገው፣ ልጁን የማያውቁት አዛውንቶች ነጠላ አጣፍተው በሌሊት በሩን ያንኳኳሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ የሚያለቅስለት አያጣም። የሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብዙዎቹ ያሉት በበቆሎ እርሻ መሀል ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው፤ እዚያ በስልክ ይነገረዋል፤ በስልኩ ውስጥ ዋይታ ይሰማል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን እሱ ብቻ ነው።

«ለምን አይመጣም?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቪዛ የመግቢያ በር ፈቃድ ነው፤ ከገባህ በኋላ ትምህርትህ ላይ እስካለህ መቆየት ትችላለህ። ከወጣህ ግን ለመመለስ እንደገና የሚሠራ ቪዛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ሆነ ጎብኝዎች የምትሰጠውን ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር አድርጋ አሳጠረችው። ስለዚህ ለቅሶ ልድረስ ብሎ የመጣ ልጅ ኤምባሲ ፊት እንደ አዲስ ይቆማል። ቢከለከልስ? የአራት ዓመት ሥራው፣ ናሙናው፣ ማስታወሻ ደብተሩ እዚያው ይቀራል። ልጁ ይህን በአንድ ሌሊት ማስላት አለበት፤ አባቱን ከመቅበርና ዶክትሬቱን ከመጨረስ አንዱን መምረጥ። ብዙዎች ይቀራሉ። ሁለት ቀን አልቅሰው በሦስተኛው ቀን ላቦራቶሪ ይገባሉ፤ የሚያሳድጉት ሴል ምግብ ካልተቀየረለት ይሞታል።

የመደበቁ ጦስ ደግሞ ከመርዶው በኋላ ይቀጥላል። አንዴ የተደበቀ ልጅ ሁለተኛ አያምንም። «ሁሉም ደህና ነው» ስትሉት ማን እንደታመመ ያስባል። ያለ ሰዓቱ ስልክ ሲጮህ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቅድም እሱ ይዋሻል አልኩ፤ እኛም እንዋሻለን። ሁለት ቤት «ደህና ነን» እየተባባለ ዓመታት ያልፋሉ። ባህላችንን አክብሬ ነው የምናገረው፤ ሞትን ለሰው ብቻውን አለመንገር ጥበብ ነው። ግን ያንን ጥበብ ለማክበር በዚያ ከተማ ማን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል፤ የአንድ ጓደኛውን ስልክ ያዙ፤ አርባው እስኪያልፍ አትጠብቁ።

ይህ ጭንቀት የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2019 በመላው ዓለም ከ6 ሺህ በላይ የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከመቶ 36ቱ በትምህርታቸው ሳቢያ ለመጣባቸው ጭንቀት ወይም ድብርት ርዳታ ፈልገው እንደነበር አገኘ። «ርዳታ ፈልገው» የሚለውን ልብ በሉልኝ። የእኛ ልጅ ከርዳታ ፈላጊዎቹ ውስጥ የለበትም ብዬ እጠረጥራለሁ። ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ በነፃ አቁሞለታል፤ እሱ ግን «አበደ ይሉኛል» ብሎ አይሄድም። እናቱ ጸበል ትልካለች፣ ልደታ ላይ ትሳላለች፤ መልካም ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ንስሐ አባቱ «ልጄ፣ ወደዚያም ሂድ» ቢሉት ግማሹ መንገድ አለቀ ማለት ነው። እዚህ ያላችሁ ካህናት ይህን ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ጊዜ ሁለት ሰዎች ላንሳ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የወጡ፣ በልጅነታቸው ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው የተጓዙ፣ ጅማና ዓለማያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1978 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት የያዙ ናቸው። ማሽላን የሚመጠውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር ላይ ሠርተው የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በ2009 ነው፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ። የእሳቸውን ስም ሁላችሁም ሰምታችኋል።

የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ግን ምናልባት ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም፤ እኔ ለዚህ አዳራሽ የምመርጠው የእሳቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ማስተርሳቸውን ሠርተው ተመለሱ። መመለሳቸውን ልብ በሉ። ደርግ አሰራቸው፣ አስገረፋቸው፤ ወኅኒ ቤት ለዓመታት ቆዩ፤ እዚያም ሆነው እስረኞችን ያስተምሩ ነበር። ዶክትሬታቸውን የያዙት በ1997 ነው፤ ከማስተርሳቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አውሮፓም አሜሪካም ሳይሆን ሕንድ፣ ባንጋሎር። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሰብዓዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳኻሮቭ ሽልማት ሰጣቸው። በስንት ዓመት ጨረሱ ይባላል? በስንተኛው ረድፍ ይቀመጣሉ? የቴሌግራም ግሩፑ መለኪያ ለእሳቸው አይሠራም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯቸው ልጆች ግን ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ ያስተምራሉ።

ወደ መመለሱ ልምጣ፤ ሰዓቴም እያለቀ ነው። ጨርሶ የመጣው ልጅ ምን ያገኛል? አምስት ዓመት የተካነበት ማሽን እዚህ የለም። ካለም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። የሚያዘው ኬሚካል ጉምሩክ ላይ ሲከርም ቀዝቃዛ መሆን የነበረበት ይሞቃል። መብራት ይሄዳል፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው የሁለት ዓመት ናሙና በአንድ ሌሊት ይበላሻል። በሳምንት የሚያስተምረው ሰዓት ሲቆጠር ለምርምር የተረፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ይህን አይቶ እዚያው የቀረው ደግሞ «ሀገርህን አትወድም?» ይባላል። እኔ የቀሩትን መርገም ደክሞኛል።

ቻይናም ይህን አይታለች። በ1989 ከቲየንአንመን አደባባዩ ግድያ በኋላ አሜሪካ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎቿ እዚያው ቀርተዋል። ቻይና በኋላ ልጆቿን መመለስ የጀመረችው በስብከት አልነበረም፤ ላቦራቶሪ ሠርታ፣ ደሞዝ መድባ፣ ቡድን ሰጥታ ነው። ይህን በቅርብ ካዩት አንዷ የእኛው ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው፣ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ይዘው፣ ለረጅም ዓመታት ኮሎምቢያ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ሠርተዋል። ከቻይና ሳይንቲስቶች ጋር በመሥራታቸው የቻይና መንግሥት በ2006 የወዳጅነት ሽልማት ሰጣቸው። ቻይናውያኑ ከውጭ እየተመለሱ ሀገራቸውን ሲሠሩ ማየታቸው ወደ አፍሪካ ለመመለስ እንደገፋፋቸው ተናግረዋል፤ በ2007 ናይሮቢ ገቡ። ናይሮቢ ነው ያልኩት፣ አዲስ አበባ አላልኩም። የሚሠሩበት ላቦራቶሪ የነበረው ናይሮቢ ነበርና።

የሚሠራ መንገድ ታውቃለህ ወይ የሚለኝ ካለ አንድ አውቃለሁ፤ አዲስም አይደለም። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅን ካቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ ከእኛ ጋር ሠርተዋል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ጋር ለአሥርት ዓመታት «ሳንድዊች» የሚሉትን አሠራር ይዘው ቆይተዋል። ተማሪው ከፊሉን ጊዜ እዚያ፣ ከፊሉን እዚህ ይሠራል። ማሽን የሚያስፈልገውን ሥራ እዚያ ሠርቶ ይመለሳል፤ ጽሑፉን እዚህ ይጽፋል። አማካሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ቢከፋ ሌላው አለ። እናቱን በየዓመቱ ያያል፤ ለቅሶም ይደርሳል። ሲጨርስ የሚመጣው ወደማያውቀው ላቦራቶሪ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበርና። ዝናው ከሙሉ ስኮላርሺፕ ያነሰ ነው፤ ቦሌ ላይ አበባ ይዞ የሚሸኝ የለውም። እኔ ግን ልጄ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ይህን ፈልግ እለዋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ። አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ በእንግዳ ፊት ስለሆነ ይቅርታ። ለትምህርት የሚሄድ መምህር የሚፈርመው ውል ላይ የጊዜው ቁጥር የተጻፈው ማንን አማክሮ ነው? የሚማረውን የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ያውቃል? ካልተጠየቀ፣ አንቀጹን ለማሻሻል ስብሰባ ሲጠራ ብትጋብዙኝ በራሴ ትራንስፖርት እመጣለሁ።

ጥያቄ ልቀበል። ማይኩን ከኋላ ጀምሩ፤ ወጣቶቹ ያሉት እዚያ ነው። ቪዛ እንዴት እንደሚመታ የምትጠይቁኝ ግን እሱን እኔም አላውቅም።